ለጳጉሜ ቀዳዳ ያልነበረው ካርድ

አባቴ በላቸው ልብስ ሰፊው በሕይወቱ ሁለት ነገር አጥብቆ ይጠላ ነበር፤ ቁልፉ የላላ ኮትና ሐኪም። ኮቱን የማንም ይሁን የማን እዚያው ይዞ ይሰፋዋል። ሐኪሙን ግን "ሲከፍት እንጂ ሲዘጋ አላየሁትም" እያለ ዕድሜ ልኩን ሲሸሽ ኖረ። ይህን ሰው ነው እንግዲህ በአንድ መርፌና በአንድ የታሰረ ጥቅል መሐል ግማሽ ቀን ተንጠልጥሎ ያየሁት። አይዟችሁ፣ የለቅሶ ወሬ አይደለም። አባባ ራሱ ቢሆን እየሳቀ ነበር የሚያወራው፤ የኔን ሩጫ እያጋነነ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቤታችን አዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው፤ ከፊት የአባባ ሲንጀር የስፌት መኪና፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት አልጋ። እናቴ ነፍሷን ይማርና እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው የሞተችው። ከዚያ ወዲያ አባባ እናትም አባትም ሆኖኝ አደግሁ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? የሱም አንዷ እኔ፣ የኔም አንዱ እሱ ነበርን።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ልደታ አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ስሙ ከበሩ ሰሌዳ የሚተርፍ ረጅም ስለነበረ እኛ "ካርድ ክፍል" ነበር የምንለው። ሥራችን እንዲህ ነው። የሰው ሐኪሞች ትል ሲያገኙ ለየብቻ ይጽፋሉ፣ የከብት ሐኪሞች ለየብቻ ይጽፋሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎችም እንደዚያው። አንዱ የሌላውን አያውቅም። "ትሉ እንደሆነ ከበሬ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ አፈር ሲዞር የመሥሪያ ቤት ድንበር አያውቅም፤ እኛ ለምን እንለያያለን?" ተባለና ሦስቱም ወደ አንድ ካርድ እንዲገለብጡ ተወሰነ። ጥገኛው ማን ነው፣ አስጠጊው እንስሳ ወይም ሰው ማን ነው፣ የት፣ መቼ ተገኘ። በቃ።

ካርዱ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በእርዳታ የመጣ ነው። ዙሪያውን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ይቺ ቀዳዳ የውሻ ናት፣ ይቺ የበግ፣ ይቺ የሰው፤ ይቺ የመስከረም፣ ይቺ የጥቅምት። ትሉ የተገኘው ውሻ ላይ ከሆነ የውሻዋ ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ተቆርጣ ትከፈታለች። ከዚያ ካርዱን ደርድረሽ፣ በውሻዋ ቀዳዳ ረጅም ሽቦ ሰድደሽ፣ ብድግ አድርገሽ ትነቀንቂዋለሽ። የተቆረጡት ዱብ ዱብ ይላሉ፤ የቀሩት ሽቦው ላይ እንደተሰቀሉ ይቀራሉ። የፈረንጁ ሽቦ የጠፋ ሰሞን እኔ የእናቴን የሹራብ መሥሪያ ከቤት አመጣሁ፤ ከሽቦው የበለጠ ሠራ። እኔም ሥራዬን ወደድኩት። ጥያቄ በስልክ ይመጣል፣ ሹራብ መሥሪያዬን እሰድዳለሁ፣ መልስ ይወድቃል።

አንድ ጣጣ ብቻ ነበረ። ካርዱ ላይ ያሉት የወር ቀዳዳዎች አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ ሦስት ወር የሚቆጥር አገር አለ ብሎ ላተሙት ሰዎች ማን ይንገራቸው? ስለዚህ ጳጉሜ ላይ የተገኘ ነገር ሲመጣ ሁሉም እንደመሰለው ያደርገው ጀመር። የሆስፒታል ሰዎች ነሐሴን ይቆርጣሉ። የዩኒቨርሲቲዎቹ መስከረምን ይቆርጣሉ። የከብት ሐኪሞቹ ቤት የሚሠራው ነስሩ የሚባል ቴክኒሻን ግን ምንም አይቆርጥም፤ በእጁ "ጳጉሜ" ብሎ ጽፎ ይልክልኛል። ወር ያልተቆረጠለት ካርድ ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ የወር መሳቢያዎች የትኛውም ውስጥ አይገባም።

"ነስሩ፣ እባክህ ነሐሴ በለው" እለዋለሁ በስልክ።

"ነሐሴ ላይ አላገኘሁትማ!"

"እሺ መስከረም በለው።"

"እህቴ፣ እናቴ የወለደችኝ ጳጉሜ ነው። ልደቴን ስትሰርቂኝ ዝም ልበልሽ?"

አለቃችን አቶ ደሳለኝ ደህና ሰው ናቸው፣ ግን ያለ ኮሚቴ ውሃ አይጠጡም። የነስሩን ጥቅል እኔ ገና አንድ በአንድ ሳላነበው በሲባጎ አስረው ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበትና "የሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ኮሚቴ ይወስናል" አሉ። ሳይፈታ እዚያው ከረመ።

አሁን ስለ ሻምበል ልንገራችሁ። ሻምበል የአባባ ውሻ ነው። ስሙን ያወጣለት ከአብዮቱ በፊት ነው፤ ያኔ ሻምበል መባል ምንም አልነበረም። ደርግ ሲመጣ ግን "ሻምበል! ና አጥንትህን ጋጥ!" ብሎ በር ላይ መጣራት ለጤና የሚስማማ አልሆነም። አባባ ስሙን አልቀይርም አለና በፉጨት ብቻ ይጠራው ጀመር። የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ሰው የማይገዛውን ሳንባና ጉበት ይሰጠዋል፤ አባባ ለሻምበል ያጎርሳል፤ ሻምበል በተራው የአባባን እጅ ይልሳል። ፍቅር ነው።

ኅዳር ላይ አባባ ቀኝ ጎኑን መደገፍ ጀመረ። ልብስ ሲለካ ጎንበስ ማለት አቃተው። "ጋዝ ነው" አለ። አንድ ቀን ጠዋት ሸሚዙን ሲቀይር ከጎድኑ ሥር እንደ ብርቱካን ያበጠ ነገር አየሁ። አልቅሼ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻም "ከሞትክ ያንተን ሲንጀር ለማንም ሸጬ ነው የምበላው" ብዬ አስፈራርቼ ሆስፒታል አስተኛሁት። ዶክተር ሰሎሞን የሚባል ወጣት ሐኪም ተረከበው፤ ሁለት ቀን በራጅና በደም ሲመረምረው ቆየ።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ስልክ ጮኸ። ከሆስፒታል ነው፤ አንዲት ነርስ ናት፤ ከየትኛው እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

"ሐኪሙ እየጠየቀ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ ላይ ያ በሰው ጉበት ላይ ውሃ የሚቋጥረው ትል ተገኝቶ ያውቃል?"

ከመስከረም እስከ ነሐሴ መሳቢያዎቹን ሁሉ አወጣሁ። ሹራብ መሥሪያዬን በውሻ ቀዳዳ ሰደድኩ፣ ነቀነቅሁ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ጥቂት ካርዶች ወደቁ፤ የአዲስ አበባ ውሻ አንድም የለም።

"የለም" አልኳት አፌን ሞልቼ። "አልተገኘም።"

አመስግና ዘጋች።

ምሳ ሰዓት ላይ በሳህን የቋጠርኩትን ይዤ ወደ አባባ ሄድኩ። ዶክተር ሰሎሞን አልጋው አጠገብ ቆሟል።

"መልካም ዜና" አለኝ። "ሁለት ነገር ነበር የጠረጠርነው። አንደኛው መግል ነው፤ ያንን በረጅም መርፌ ወግተን እንቀዳዋለን። ሁለተኛው ከውሻ የሚመጣ ትል የሚቋጥረው ውሃ ነው። እሱን ቆላ፣ የከብት አርቢዎች አገር አውቀዋለሁ። እሱ ከሆነ በመርፌ አይነካም፤ ውሃው ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ሰውየው እዚያው እጃችን ላይ ሊቀር ይችላል። ጠዋት ግን ካርድ ክፍል አስደውዬ ነበር። በከተማው ውሻ ላይ የለም ብለዋል። ስለዚህ መግል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንወጋዋለን።"

"ካርድ ክፍል እኔ ነኝ" አልኩ። "የለም ያልኩትም እኔ ነኝ።"

"ጎበዝ!" አለኝ። ሳህኑን አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩ። ጠዋት በስልክ ለማን እንደምመልስ አላወቅኩም ነበር እኮ!

አባባ ትራሱን ተደግፎ ሁለታችንንም አፈራርቆ አየን።

"ምኑ ነው የለም የተባለው?"

"ትሉ፣ አባባ። እዚህ አገር ውሾች ላይ አልተገኘም።"

"ማን ፈልጎ? እነዚያ ጳጉሜ ላይ በመኪና የጫኗቸው ውሾች ታዲያ የት ደረሱ? በሏቸው?"

 ጳጉሜ! ለአብዮት በዓል ከተማዋ ትጽዳ ተብሎ ከልደታ እስከ አብነት ውሻ በመርዝ ያለቀው በእነዚያ ቀናት ነበር። አባባ ሻምበልን በጋቢ ጠቅልሎ ከሲንጀሩ ሥር ደብቆ "ጥጥ ነው" ብሎ ነው ያተረፈው። የሞቱትን ደግሞ የከብት ሐኪሞቹ ጭነው ወሰዱ፤ የነስሩ መሥሪያ ቤት። ነስሩ ከፍቶ አይቶ ካርድ ጽፏል ማለት ነው። የከተማው ውሻ ሁሉ ቀዳዳ በሌላት ወር ውስጥ ታስሮ አቶ ደሳለኝ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

"ዶክተር፣ እባክዎ እስክመለስ እንዳይወጉት!"

"ከዘጠኝ በኋላ ክፍሉን ለሌላ ሕመምተኛ እሰጣለሁ፤ ትኩሳቱም እየጨመረ ነው። እስከዚያ ድረስ ማስረጃ ካመጣሽልኝ አልነካውም።"

እንዴት ልደታ እንደደረስኩ አልነግራችሁም፤ እኔም አላውቀውም። መሥሪያ ቤቱ ጭር ብሏል። ለካ ሐሙስ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነው። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ገብቷል፤ አቶ ደሳለኝ የፊት ወንበር ላይ፣ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ። መድረኩ ላይ አንድ ካድሬ ስለ ምርት ዘመቻ እየተናገረ ነው። በዚያ ዘመን ካድሬ አቋርጦ መናገር ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።  የአባባ ጎን ግን ትዝ አለኝና እንደ ዘመኑ ደንብ ግራ እጄን አነሣሁ።

"ጓድ ሰብሳቢ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ!"

አዳራሹ በሙሉ ዞረ።

"ስለ ምርት ነው?" አለ ካድሬው።

"ስለ ውሻ ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ምን ቀረኝ? አባቴ ሊወጋ መሆኑን፣ ጥቅሉ መታሰሩን፣ ቁልፉ አቶ ደሳለኝ ዘንድ መሆኑን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት።

አቶ ደሳለኝ ብድግ አሉ። "ጓድ፣ ጥቅሉ ኮሚቴው ሳይወስን አይፈታም!"

"ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?" አለ ካድሬው።

"ገና አልተወሰነም።"

"ማን ነው የሚወስነው?"

"ኮሚቴው።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ካድሬው እንደምንም ፊቱን ሊያኮሳትር ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ እሱም ሳቀ። "ጓድ ደሳለኝ፣ ቁልፉን ይስጧት። ውሾቹን እኔ ወስኜላቸዋለሁ።"

ሲባጎውን በጥርሴ በጠስኩት። ካርዶቹን ደረደርኩ፣ የእናቴን ሹራብ መሥሪያ በውሻ ቀዳዳ ሰደድኩ፣ ብድግ አደረግኩት። ሹራብ መሥሪያው ባዶውን ቀረ። አንድም ካርድ አልተንጠለጠለም፤ ሁሉም ወደቁ። ጥቅሉ በሙሉ ውሻ ነበር! ጎንበስ ብዬ የነስሩን ጽሑፍ አነበብኩ። ውሻ፣ ልደታ። ውሻ፣ አብነት። ውሻ፣ ጠመንጃ ያዥ። ከአጠገቡም ያ ትል። ደግሞ ሌላው፣ ደግሞ ሌላው። ስልኩን አነሣሁ፤ የሆስፒታሉ መስመር ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ አሁንም ተይዟል። ካርዶቹን ደረቴ ላይ አቅፌ ልወጣ ስል አቶ ደሳለኝ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ካርድ ከመሥሪያ ቤት አይወጣም!"

"ጋሼ፣ በእግዚአብሔር!"

ካርዶቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ኮፍያቸውን ከመስቀያው አነሡ። "ካርድ ያለ ኃላፊ አይወጣም" አሉ። "ስለዚህ ኃላፊውም አብሮ ይውጣ። ነይ!"

ያ ወፍራም ሽማግሌ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ሲሮጡ ብታዩ! ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ተቀምጧል፤ እሳቸው ካርዶቹን ጉልበታቸው ላይ አድርገው "የመንግሥት ንብረት ነው፣ እንዳትደገፉት" እያሉ ሰውን ይገፋሉ። እኔ ደግሞ "ሹፌር፣ ቶሎ በል!" እያልኩ እጮሃለሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

ካርዶቹን ከአቶ ደሳለኝ ተቀብዬ ኮሪደሩን በሩጫ ጨረስኩት።  ዘግይቻለሁ ብዬ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ። በሩን በርግጄ ገባሁ።

አባባ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ተገልቧል፣ ጎኑ አዮዲን ተቀብቷል። ነርሷ ረጅሙን መርፌ በሳህን ይዛ ቆማለች። ዶክተር ሰሎሞን ግን ጎንበስ ብሎ አባባ እጅ ላይ ነው፤ አባባ የዶክተሩን ጋውን ደረት በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው ቁልፍ እየሰፋለት ነው! የላላ ቁልፍ አይቶ ቁጭ ማለት አይችልማ። መርፌና ክር ደግሞ ከኮሌታው ሥር ተለይቶት አያውቅም።

"አትነቃነቅ ልጄ" ይለዋል ዶክተሩን። "የላላ ቁልፍ ባለበት ሐኪም አልወጋም አልኩህ አይደል? ካንተ መርፌ በፊት የኔ መርፌ።"

"አባቴ፣ ጨረሱ? ክፍሉን እፈልገዋለሁ እኮ" ይላል ዶክተሩ፣ ትንሽ ተቆጥቶ፣ ትንሽ ስቆ።

 ካርዶቹን አልጋው ላይ ዘረገፍኳቸው። ዶክተሩ አንዱን አነሣ። ሁለተኛውን አነሣ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ከዚያ "ጠመንጃ ያዥ" የሚለው ላይ ደረሰና ቀስ ብሎ ነርሷን "መርፌውን መልሽው" አላት።

"ይኼን ጠዋት ለምን አላገኘሁትም?"

"ጳጉሜ ስለሆነ ነው" አሉ አቶ ደሳለኝ ከበሩ ላይ፣ እያለከለኩ።

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "አባቴ፣ ውሻ አለዎት?"

"አለኝ። ስሙን ግን እዚህ አልነግርህም።"

እኔ በሳቅና በለቅሶ መሐል ሆኜ አባባ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። እሱ ከምን እንደተረፈ ገና አልገባውም፤ "ቁልፉን አትንኪብኝ፣ ክሩ አልተቋጠረም!" ይለኛል።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ አንጋፋ ቀዶ ሐኪም ተጠርቶ አባባን በጥንቃቄ ከፈተው። እውነትም መግል አልነበረም፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው፤ ሳይፈነዳ ወጣ። አባባ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው "በስንት ጥልፍ ዘጋኝ?" ብሎ ነው። ስፌቱን አይቶ "መዝጋትም ይችላሉ ለካ" ብሎ ከሐኪም ጋር በይፋ ታረቀ። ሻምበልን ይገደል ያለ አልጠፋም፤ አባባ "እሱ ከሄደ እኔም ተከተልኩት" አለ። ነስሩ ራሱ ቤታችን መጥቶ የትል መድኃኒት አጠጣው። ከዚያ በኋላ ሻምበል ጥሬ ጉበት አልቀመሰም፤ አባባም እጁን ሳይታጠብ እንጀራ አልቆረሰም።

ኮሚቴውም፣ እልል በሉ፣ ተሰበሰበ! ሦስቱም መሥሪያ ቤቶች ካርድ ክፍል መጡ። አንዱ አዲስ ካርድ ከውጭ ይታዘዝ አለ፣ አንዱ ጳጉሜን ለሁለት እንካፈል አለ። አባባ ገና ከዘራ እየተደገፈ ነው፤ ነስሩን ሊያመሰግን መጥቶ ጥግ ተቀምጦ ነበር።

"እኛ ጨርቅ ላይ ምልክት ስንፈልግ ጠርዙን ቆረጥ እናደርጋለን" አለ። "ቀዳዳ ከሌላት ጥጓን ቁረጡላት። ሲደረደር ራሱ ጎድሎ ይታያል።"

 ነስሩ አጨበጨበ። አቶ ደሳለኝ "ኮሚቴው ወስኗል!" ብለው ጠረጴዛውን ሲመቱ ያየሁትን ያህል ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጳጉሜ ካርድ የላይኛው ቀኝ ጥጉ የተቆረጠ ሆነ፤ በሦስቱም ቤት፣ ያለ ልዩነት።

እኔስ? ከዚያ በፊት ሥራዬን የምወደው እንደ ጨዋታ ነበር። ከዚያ በኋላ ማታ ተምሬ፣ ዲግሪዬን ይዤ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ይኸንኑ መዝገብ ሳስተካክል ኖርኩ፤ ከካርድ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወርም እኔ ነበርኩ ጥጉን የተከራከርኩለት። ወጣቶቹ "ማዘር፣ ለአምስት ቀን ይህን ያህል?" ይሉኝ ነበር። እናንተም ውድ አንባብያን፣ ምናልባት መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ የትም የማይገባ ነገር በሲባጎ አስራችሁ አስቀምጣችሁ ይሆናል። አደራችሁን ፍቱት። ስልኩን አንሥታችሁ "የለም" ከማለታችሁ በፊት ያኛውን ሳጥን አንዴ እዩት። ከስልኩ ማዶ ማን አልጋ ላይ እንደተቀመጠ አታውቁም፤ እኔም አላወቅኩም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ኮሚቴው እንደተበተነ አባባ የልብስ መቀሱን ከኪሱ አወጣ። ታስረው የነበሩትን የነስሩን ካርዶች እኔ አቀብለዋለሁ፣ እሱ ጥጋቸውን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ አዲስ ካርድ እጁ ገባ፤ አስጠጊ፣ ሰው። ቦታ፣ ጠመንጃ ያዥ።

"ይኼ እኔ ነኝ?"

"አንተ ነህ።"

"የኔንም ጥግ ልቁረጠው" አለ መቀሱን አስጠግቶ። "እኔን ያተረፈችኝ ጳጉሜ ናት።"

"አይሆንም አባባ። አንተ የተገኘኸው ኅዳር ነው፤ ቀዳዳህ ተቆርጧል።"

"ምን ይጎዳል? አንድ ጥግ!"

"ነገ አንድ ሐኪም ይኼን ካርድ ይፈልገዋል። እሱ ዘንድ ደግሞ የሌላ ሰው አባት ተኝቷል።"

 አባባ የካርዱን ጠርዝ እንደ ውድ ጨርቅ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ መቀሱን ከደነና መልሶ ሰጠኝ።

"እንግዲያው ኅዳር አስገቢው" አለኝ። "ደህና ቦታ ላይ።"